ኖራን ከማዳበሪያ ያስቀደመችልን የቀበሌያችን ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት የግብርና ባለሙያን ለማመስገን ነው። ገጠር ወላጅ ወይም ወንድም ኖሮት በየዓመቱ የማዳበሪያ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሁሉም እንደ እሷ ያለ ባለሙያ እንዲፈልግ ልጠቁም እፈልጋለሁ። በእንጅባራ ዙሪያ፣ በባንጃ ወረዳ በአንድ ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ አርሶ አደሩ «ዲኤዋ» ይላታል። ስሟን እንድጽፍ አልፈቀደችም። «ሥራዬ ነው፤ ሌላውም ቀበሌ ባለሙያ አለው፣ እነሱንም ጠይቋቸው» ነው ያለችኝ። ቃሏን አከብራለሁ፤ የሠራችውን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አገሩን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። የእኛ አካባቢ ደጋ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍና ድንች ይመረትበታል። ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን መሬቱ እየኮመጠጠ ሄዶ ባቄላ ከብዙ ሰው ማሳ ጠፍቷል። አንዳንዱ ወደ ግብጦና እንግዶ (የአጃ ዓይነት እህል) ዞረ፤ ብዙው ደግሞ መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዓይነት ዛፍ ተክሎ ከሰል ማክሰል ያዘ። በዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ዲከረንስ ለብዙ ቤተሰብ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። አባቴ ግን ገብስና ስንዴ መዝራት መተው አልፈለጉም። እኛ ልጆቻቸው ከከተማ ገንዘብ እያዋጣን ማዳበሪያ እንገዛላቸዋለን። የካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። አገራችን ማዳበሪያውን ከውጭ ገዝታ በጅቡቲ በኩል ስለምታስገባ ጭማሪው ቀጥታ አርሶ አደሩ ደጅ ደረሰ። ዋጋው እንዲያ ሲሆን የእኛ ገብስ ግን ከጉልበት በላይ አልነሳ አለ። ቡቃያው ይበቅላል፣ ከዚያ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ይለወጥና ቆሞ ይቀራል።

ባለሙያዋ ማሳችን ድረስ የመጣችው አባቴ ተጨማሪ ማዳበሪያ በማኅበሩ በኩል እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋት ነው። ለምዝገባው አልቸኮለችም። «አባ፣ መጀመሪያ መሬቱን ልየው» ብላ ተነሣች። እኔ ለፋሲካ ዕረፍት ሄጄ ስለነበር አብሬ ወረድሁ። በበልግ ዝናብ ከተዘራው ገብስ ጥቂት እግር ከነአፈሩ ነቅላ በውኃ አጠበችው። ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ የጠቆረ ነበር፤ ጥቃቅኑ የሥር ፀጉር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰን ከጓሮ፣ ዘወትር አመድና ፍግ ከሚደፋበት ቦታ፣ የበቀለ ገብስ ነቀለች። ያኛው ሥር ረጅምና ነጭ፣ እንደ ጥጥ ፈትል የተበተነ ነው። ሁለቱን አባቴ መዳፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችና «ዘሩ አንድ ነው፣ ዝናቡ አንድ ነው። ማዳበሪያውን እንኳ ለዚህኛው፣ ለማሳው ነው የጨመሩለት» አለቻቸው። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በኋላ ስለ መሬቱ የምትጠይቃቸውን ሁሉ በደስታ ይመልሱላት ጀመር።

ነገሩን ያስረዳችን በሚገባን ቋንቋ ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። ከማሳ ላይ ገለባው ሁሉ ታጭዶ ለከብት ሲሄድ፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ የተወሰደው አይመለስም። ዩሪያ የሚባለው የናይትሮጅን ማዳበሪያም ለብዙ ዓመት ብቻውን ሲደጋገም አፈሩን ያኮመጥጠዋል። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ባነሰ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች ሲወርድ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይመርዘዋል፤ ያየነው የጠቆረ ጫፍ እሱ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው፦ ገዝተን የምንጨምረውን ፎስፈረስ አሉሚኒየሙና ብረቱ ቆልፈው ስለሚይዙት ሰብሉ አያገኘውም። ሐምራዊው ቅጠል የፎስፈረስ ረሃብ ምልክት ነበር። መሬቱ ውስጥ ፎስፈረስ እያለ ሰብሉ ይራባል። ይህን ስሰማ ስንት አርሶ አደር በዚህ ምክንያት ዕዳ ውስጥ እንደገባ አሰብሁ። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው ይባላል፤ ይህ የእኛ ቀበሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በግምት ግን ምንም አላደረገችም፤ ይህን ነው በጣም የማከብርላት። የአፈር ናሙና መወሰድ አለበት አለች፤ አወሳሰዱንም እያሳየች አስተማረችን። ማሳው ላይ በዚግዛግ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ከሚሆን ቦታ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አፈር ይነሣል። ዛፍ ጥላ ሥር፣ የማሳ ዳር፣ የጉንዳን ኩይሳ፣ ፍግ ተከምሮ የነበረበት ቦታ አይነካም፤ ውጤቱን ያዛባል። ሁሉም በንጹሕ ባልዲ ተቀላቅሎ አንድ ኪሎ ያህሉ ብቻ ይወሰዳል። ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ለናሙና አይሆንም። ዳገቱና ሜዳው ለየብቻ ነው የሚወሰደው። እሷ ናሙናዎቹን በወረዳው በኩል ወደ ባሕር ዳር የአፈር ላብራቶሪ አስላከች፤ እስኪመጣ ድረስም ደጋግማ ትከታተል ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሜዳው መካከለኛ፣ ዳገቱ ደግሞ ክፉኛ አሲዳማ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደማይፈልጉ ያወቅነው በዚያ ወረቀት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። በአማራ ክልል የእርሻ ኖራ ደጀን ላይ ይፈጫል። ችግሩ የሚፈለገው ኖራ ብዙ መሆኑ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በአሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ይጠየቃል፣ ጭነቱም ከኖራው ዋጋ ይበልጣል። እዚህ ላይ ባለሙያዋ ጎረቤቶቻችንን ሰብስባ አንድ ላይ እንዲያመለክቱ አደረገች። አንድ አይሱዙ ለአንድ ሰው ሲመጣና ለብዙ ሰው ሲመጣ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኖራው ሲደርስ በወንፈል ተበተነ። ነፋስ በሌለበት በጠዋት፣ አፍና አፍንጫ በነጠላ ተሸፍኖ፣ ለእያንዳንዱ ጥማድ የተመደበው የኖራ ጆንያ ተለክቶ እንዲበተን አስደረገች። ከተበተነ በኋላ ሁለት ጊዜ ታርሶ ከአፈሩ ጋር ተቀላቀለ። ይህ ሁሉ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መሆን አለበት፤ ኖራ በዘር ቀን ቢበተን ሥራውን ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ኖራው ለማይበቃው ሰው ደግሞ በመስመር፣ ዘሩ በሚወድቅበት ቦይ ብቻ ትንሽ እየተደረገ መጀመር እንደሚቻል ነግራቸዋለች።

«ኖራ ማዳበሪያ አይደለም» የምትለውን ደጋግማ ታሳስባለች። ኖራ አፈሩን ያክማል፣ የተቆለፈውን ይከፍታል፤ ሰብሉ ግን መመገብ አለበት። ብዙ ሰው ኖራ አድርጎ ማዳበሪያውን ይተዋል፣ ወይም የመጀመሪያውን ዓመት አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። የኖራው ሥራ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው ጎልቶ የሚታየው።

ስለ ማዳበሪያውም ቢሆን የተማርነው ብዙ ነው። ቀድሞ የምናውቀው ዳፕ የሚባለውን የፎስፈረስና የናይትሮጅን ማዳበሪያና ዩሪያን ነበር፤ ለሁሉም መሬት በሄክታር መቶ ኪሎ ዳፕና መቶ ኪሎ ዩሪያ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የብዙ አካባቢ አፈር ድኝም (ሰልፈር) እንደሚጎድለው ካሳየ በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። በከረጢቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አባቴ አሁን ያነቡታል፦ ኤንፒኤስ ከመቶው 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ድኝ፤ ዩሪያ 46 እጅ ናይትሮጅን ብቻ። ዩሪያውን ደግሞ በአንድ ጊዜ አንጨምርም። አንድ ሦስተኛው በዘር ጊዜ፣ የቀረው ቡቃያው ከሥሩ መብዛት ሲጀምር፣ አረሙ ተነቅሎ አፈሩ እርጥበት ሲይዝ ይጨመራል። በደረቅ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ወደ አየር ይተናል፤ ከባድ ዝናብ ፊት የተበተነም ታጥቦ ይሄዳል። በዚያ ዋጋ ለተገዛ ነገር ይህን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነጋዴ ገበያ ላይ ጽሑፍ የሌለው ጠርሙስ ይዞ «ቅጠል ላይ የሚረጭ፣ ማዳበሪያ የሚተካ» እያለ ሲሸጥ አባቴ አንዱን ይዘው መጡ። ባለሙያዋ ጠርሙሱን አይታ ምን እንዳለበት፣ ማን እንዳመረተው፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ ያልተጻፈበትን ነገር ማሳ ላይ አታድርጉ አለች፤ መለሱት። ለቱ ፎር ዲና ለሌሎች ፀረ አረሞችም እንዲሁ ናት፦ ባዶውን ጄሪካን ለውኃና ለጠላ እንዳትጠቀሙበት ትላለች። ማዳበሪያ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ፣ ከእህልና ከልጆች ርቆ እንዲቀመጥም ትመክራለች። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እናቴ ግን ዘይቱን ያስቀመጠችበት ዕቃ ምን እንደነበረ ካወቀች ወዲህ ጎረቤቶቿን ሁሉ ትመክራለች።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት አባቴን መስማቷ ነው። አባቴ ከሰል በተከሰለበት ቦታ ላይ ገብስ ለምልሞ እንደሚበቅል ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል፤ ሰው ግን እንደ ወሬ ያልፈዋል። እሷ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ትክክል ነዎት፣ አመዱ ኮምጣጣውን ያበርዳል፣ ከሰሉ ደግሞ እርጥበት ይይዛል» አለቻቸው። የከሰሉን ብናኝና የምድጃውን አመድ ከእበት፣ ከደረቀና ከለመለመ ሣር ጋር እየደራረቡ ኮምፖስት እንዲያዘጋጁ አሳየቻቸው። ሙቀቱ መኖሩ መሃሉ ላይ በተሰካ ዱላ ይታወቃል፤ ዱላው ሲወጣ ካልሞቀ ክምሩ ይገለበጣል፣ ከደረቀም ውኃ ይጠጣል። ለቤታችን ደግሞ ከአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ቀይ ትል አምጥታ የትል ኮምፖስት አስጀመረች፤ እሱን እናቴ ይዛዋለች፣ ለድንቿና ለጎመኗ ታደርገዋለች።

የአሁኑን ገብስ ማሳ ብታዩት ልዩነቱ ከሩቅ ይለያል። ዳገቱ ገና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሜዳው ላይ ግን ባቄላ ተመልሶ አብቧል። አባቴ ባቄላውን በፈረቃ ከገብሱ ጋር ለመዝራት አስበዋል፤ ባቄላ ናይትሮጅን ለአፈሩ ስለሚተው የዩሪያ ወጪው ይቀንሳል። ገንዘብ የምንልከው አሁንም ነው፤ የምንልከው ግን ምን እንደሚያስፈልግ ታውቆ ነው።

እህቴ፣ ይህን ጽሑፍ ካየሽው፦ በክረምት ጭቃ፣ ሞተር ሳይክል ሳይኖርሽ፣ በራስሽ ካርድ እየደወልሽ ከቤት ቤት ስትሄጂ አይተንሻል። ሰብል፣ ከብት፣ ተፋሰስ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት፣ ሁሉም በአንድ ቀበሌ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ይህን ሁሉ ችለሽ የአንድን ሽማግሌ ማሳ ሥር ነቅለሽ አጥበሽ አሳየሽ። ከልባችን እናመሰግንሻለን፤ እግዚአብሔር ያክብርልን። የወረዳውና የክልሉ ኃላፊዎችም እንደ እሷ ያሉትን ባለሙያዎች በትራንስፖርትና በመሣሪያ ይደግፉልን ብዬ በግልጽ እጠይቃለሁ፤ የሚቀይሩት የአገር እንጀራ ነው።

ለእናንተ ደግሞ ጥቆማዬ ይኸውና። ወላጆቻችሁ በሚኖሩበት ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት «የአፈር ናሙና ማስመርመር እንፈልጋለን» በሏቸው። ናሙና የሚወሰደው አዝመራው ከተነሣ በኋላ ነው፤ ውጤቱና ኖራው ከዘር በፊት እንዲደርሱ ጥር ሳይወጣ ጠይቁ። የኖራ ጥያቄውን ከጎረቤት ጋር በአንድ ላይ አቅርቡ፣ ጭነቱ ይቀላል። ለምክር ደግሞ በ8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ያለ ክፍያ መደወል ይቻላል፤ ቁጥሩን በወላጆቻችሁ ስልክ ላይ መዝግቡላቸው።