ሳይመዘንና ያለ ማኅተም የሚሸጥ የጋዝ ሲሊንደር አትግዙ

በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ለምትኖሩና በቡታጋዝ ለምታበስሉ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው፣ ከሌላው ዋጋ ቀነስ ተደርጎ «ዛሬ የተሞላ ነው» እየተባለ የሚቀርብላችሁን ሲሊንደር ሳትመረምሩ እንዳትረከቡ ነው።

እህቴ በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ባዶውን መልሳ የተረከበችው ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ አለው ተብሎ ነበር። ሻጩ ሚዛን የለኝም በማለቱ ከጎረቤት እህል መደብር ወስደን አስመዘንነው። አንገቱ ላይ የተቀረጸው የባዶው ክብደት 13.5 ኪሎ ስለሆነ ሙሉ ቢሆን 26 ኪሎ መምዘን ነበረበት፤ ሚዛኑ ያሳየው ግን 22.8 ኪሎ ነው። ከሦስት ኪሎ በላይ ላልተሞላ ጋዝ ተከፍሏል ማለት ነው።

ከጉድለቱ ይልቅ ያስደነገጠን ግን የሲሊንደሩ ሁኔታ ነው። የቫልቩ ማኅተም የለም፤ በላዩ የተደራረበው አዲስ ቀለም የፍተሻ ዘመኑን ሸፍኖታል። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ገጥመን መጋጠሚያውን በሳሙና ውሃ ስንቀባው ጥቃቅን አረፋዎች እየተነፉ ተከታትለው ወጡ፤ በቫልቩ ውስጥ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ሱቁ አልመልስም አለ፤ ደረሰኝም አልሰጠም ነበር።

እንዲህ ያለው የጋዝ ማፈትለክ ቀላል ነገር አይደለም። የምንጠቀምበት ጋዝ የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ሲሆን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተነሥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ተስፋፍቶ በአልጋ ሥርና በጓዳ ጥግ ይከማቻል። በአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ያህል ከደረሰ አንዲት የማብሪያ ብልጭታ ልታቀጣጥለው ትችላለች። መስኮት በሌላት ጠባብ ኩሽና ለሚያበስል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከትልቁ ሲሊንደር ወደ ትንሹ በጓሮ እየገለበጡ የሚሞሉ ሻጮችንም ፈጽሞ ራቁ። ሲሊንደር በፈሳሽ ጋዝ ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ ብቻ የሚሞላው ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ እንዲተርፍለት ነው፤ በግምት የሚገለብጥ ሰው ይህን ልክ ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ ማኅተሙን አይታችሁ፣ ፊታችሁ አስመዝናችሁና ደረሰኝ ተቀብላችሁ ብቻ ክፈሉ። ወደ ቤት ስትወስዱትም ሆነ ስትጠቀሙበት አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፤ ለውሃ የተሠራ ጎማም አትግጠሙለት። ሽታው ከሸተታችሁ መብራት ሳታበሩም ሳታጠፉም፣ ክብሪትም ሳትጭሩ ቫልቩን ዝጉ፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ሰውን ሁሉ አስወጡ፤ ለእሳት አደጋ በ939 የምትደውሉትም ከቤት ርቃችሁ ይሁን።