ወርክሾፕ ወይስ ፊልድ?

የኤሌክትሪክ ሞተርና የማሽን ጥገና ሥራ ሁለት መልክ አለው። በአንዱ የተበላሸው ዕቃ ወደ ወርክሾፕ ይመጣል። በሌላው፣ ፊልድ በሚባለው፣ ጠጋኙ ማሽኑ ወዳለበት ይሄዳል።

ወርክሾፕ ውስጥ ጊዜ አለ። ሞተሩ ተፈታቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ የሽቦ ጥቅልሉ ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ የሚከላከለው ሽፋን) ሜገር በሚባል መለኪያ ይለካል። አዲስ ቤሪንግ (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት) በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማስገባት የለም። ማሞቂያ ላይ ወደ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ሰፋ ይልና ዘንጉ ላይ በቀላሉ ይገባል። ከ120 በላይ ግን ባይሞቅ ይሻላል፤ ብረቱ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። ይህን ረጋ ብሎ የሚያሳይ አንጋፋ ሰው አጠገብ መኖሩ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ፣ ማሽኑ ሲሠራ አይታይም። የተቃጠለው ሞተር ተጠግኖ ይመለሳል፤ ያቃጠለው የላላ ኬብል ግን እዚያው ይጠብቀዋል።

ፊልድ ላይ ምክንያቱ ፊት ለፊት ነው። ኦፕሬተሩ «ከትናንት ጀምሮ ድምፁ ተቀይሯል» ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ። ችግሩ ጥድፊያው ነው። ምርት ቆሟል፣ አለቃ ከኋላ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ኃይል አጥፍቶ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ማብሪያው ላይ የራስን ጓጉንቸር መቆለፍ የሚዘለለው ያኔ ነው። እዚህ ላይ እኔ ድርድር አላውቅም። የሌሊት ጥሪም አለ፤ ትዳር ያለው ቀድሞ ይወቀው።

ለጀማሪ ወርክሾፑን እመርጣለሁ። እጅ ከተፍታታ በኋላ ፊልድ መውጣት ይሻላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያውም ያግዛል። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰርኪዩት ላይ ማቀርቀር የሚያስደስተው ሰው ግን ከወርክሾፑ ባይወጣም ምንም አይቀርበትም።