አቢ ወይስ ታይቭያርክ? የአየርላንድ መድረክ በሁለት ቋንቋ

አየርላንድ ማንነቷን በመድረክ ስትፈልግ ሁለት መንገድ ሞክራለች።

የደብሊኑ አቢ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1904 ተከፈተ። መሥራቾቹ ገጣሚው ዬትስና ጸሐፌ ተውኔቷ ሌዲ ግሪጎሪ የሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን የአየርላንድ ገበሬ አነጋገር ባለበት እንግሊዝኛ። ብዙ ሰው ይገባዋል፤ ስለዚህም ይቆጣል። በ1907 የሲንጅ ተውኔት ገበሬውን አዋርዷል ተብሎ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፣ ፖሊስም ተጠራ። ይህን ቁጣ እወደዋለሁ። ሰው ለማይመለከተው ነገር እንዲህ አይጮህም።

በ1928 በምዕራብ አየርላንዷ ከተማ ጎልዌይ ውስጥ የተከፈተው ታይቭያርክ ቲያትር ግን የቆመው ለአገሬው ነባር ቋንቋ ለአይሪሽ ነው። የሚሰማው ሰው ያኔም ጥቂት ነበር። ረሃብና ስደት ተናጋሪውን አመናምኖታል። ቢሆንም አያቶች የተነጋገሩበትን ቃል ከመድረክ መስማት አንጀት ይበላል።

ብዙ ሰው በመድረስ አቢ ይበልጣል። እኔ ግን አንድ ምሽት ብቻ ቢኖረኝ ጎልዌይ እሄዳለሁ።