ነጠላ ልባስ፣ ድርብ ልባስ ወይስ የራስ እንጨት? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሞዴል መርከብ ሠሪዎች የግዢ ንጽጽር

የሞዴል መርከብ ኪት (ተቆርጦ ለመገጣጠም የተዘጋጀ ዕቃ) ሊገዛ የተነሣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል ነው፤ ሦስት ምሰሶ፣ የተነፋ ሸራ፣ የተደረደረ መድፍ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጦ ለሚሠራ ግን ቀድሞ መታየት ያለበት የመርከቧ ሆድ በምን እንደሚለበስ ነው። አንዲት ስስ ጣውላ ብትሰበር ፒያሳ ወርዶ ምትክ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ስሕተት የሚችል ኪት ከሚያምር ኪት ይቀድማል።

አጥንቱ በነጠላም በድርብም ልባስ ተመሳሳይ ነው። ከኮምፔርሳቶ የተቆረጠ የጀርባ አጥንት አለ፤ በላዩ ጎድኖች ይሰካሉ፤ በጎድኖቹ ላይ ጣውላ ይለበሳል። በነጠላ ልባስ 1.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው፣ ብዙ ጊዜ ባስውድ የሚባለው ነጣ ያለ ለስላሳ እንጨት አንዴ ይለጠፋል፤ የሚታየውም እሱው ነው። የአሜሪካው ሞዴል ሺፕዌይስ ብዙ ኪቶች እንዲህ ናቸው። በድርብ ልባስ የታችኛው ጣውላ ወፍራም ሲሆን፣ በላዩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ዋልነት ወይም ሌላ ጠቆር ያለ እንጨት ይደረባል። የስፔኖቹ አርቴሳኒያ ላቲናና ኦክሬ፣ የጣሊያኑ አማቲም በአብዛኛው ይህን ይከተላሉ።

ልዩነቱ የሚወጣው ሲበላሽ ነው። በድርቡ የመጀመሪያው ልባስ ቢከፈት በስቱኮ ይደፈናል፣ በ120 ከዚያም በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ሁለተኛው ልባስ ይሸፍነዋል። በነጠላው ግን ክፍተቱ እስከ መጨረሻው ይታያል፤ አለዚያ ቀለም መቀባት ግድ ይሆናል። ነጠላው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ሥራው ግማሽ ነው፣ የእውነተኛ መርከብ ጣውላ አገጣጠምንም በትክክል ያስተምራል። ለመጀመሪያ ኪት ግን ድርቡን እንመርጣለን።

ከሁለቱ የትኛውም ቢገዛ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አንድ ነው፤ ጣውላውን ሳያቀጥኑ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ስፋት ይዞ መለጠፍ። መሐል ያለው ጎድን በአንድ ጎን ጠርዙ 90 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ጣውላው 5 ሚሊ ሜትር ቢሰፋ 18 ጣውላ ያስፈልጋል። የፊተኛው ጎድን 54 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ጣውላ እዚያ ሲደርስ ወደ 3 ሚሊ ሜትር መቅጠን አለበት። ከስፋቱ ግማሽ በታች እንዲቀጥን የሚያስገድድ ከሆነ ግን ሹሉ ጫፍ ይሰነጠቃልና አንዱን ጣውላ ቀድሞ አቁሞ ሁለቱን ጎረቤቶቹን ማገናኘት ይሻላል። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ እያፈራረቁ መለጠፍም ግድ ነው። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው ጠዋት ሲመለስ የጀርባ አጥንቱን ጎብጦ ያገኘዋል፤ እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ወደ ራሱ ይስባልና።

አየሩም ምርጫ ውስጥ ይገባል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጣውላ ቀቅሎ ለማጉበጥ መመሪያው 15 ደቂቃ ካለ ጥቂት መጨመር አይጎዳም። ዋናው ችግር ነጭ የእንጨት ኮላ ነው። ብዙው ዓይነት ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይይዝም፤ ደርቆ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ከሆነ ብርድ አግኝቶታል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ደሴ ላይ ከመለጠፍ ቀን ላይ መለጠፍ ይሻላል። ኮምቦልቻ ይህ ችግር እምብዛም የለም። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሄደ እንጨት ግን ከመቆረጡ በፊት አንድ ሳምንት ቤት ውስጥ ይረፍ።

ሦስተኛው ምርጫ ፕላን ብቻ ገዝቶ እንጨቱን እዚሁ ማሠራት ነው። ከአናጢ ቤት ከሚገኘው ቁርጥራጭ ለልባስ ዝግባ ይመረጣል፤ የእንጨቱ መስመር ቀጥ ያለና እኩል ነው። ጥድ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ለምሰሶ እንጂ ለሚጎብጥ ጣውላ አይመችም። የዋንዛ ቀዳዳዎች በትንሽ ሞዴል ላይ ጎልተው ይታያሉ። ወይራ ጠንካራና ድፍን ስለሆነ ገመድ ለሚያልፍባቸው ትንንሽ መዘውሮች ተስማሚ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ከሳሳ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ከሚሰፋ ሳንቃ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ስታስቆርጡ ግን የመጋዙ ምላጭ ራሱ 3 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከአንድ ሳንቃ 20 ጣውላ ነው የሚወጣው፣ የቀረው ሰጋቱራ ነው። ለሁለቱ ጎን 36፣ ለስብራት ተጨምሮ 50 ስለሚያስፈልግ ሦስት ሳንቃ ያዙ። ስሱ ጣውላ በምላጩና በመምሪያው (እንጨቱ ተደግፎ በሚገፋበት ጠርዝ) መካከል ከገባ እንደ ቀስት ስለሚወረወር፣ ከምላጩ ውጭ በኩል እንዲወድቅ አድርጎ ይቆረጥ።

ሆዱ ከአንድ ጉማጅ ተጠርቦ የሚመጣ ኪትም አለ። ልባሱን ለሚፈራና ገመድ ሥራ ለሚወድ ይሆናል።

መጠንን በተመለከተ፣ በ1፡48 (ሞዴሏ ከእውነተኛዋ 48 ጊዜ ስታንስ) አንድ 170 ሴንቲ ሜትር ሰው 35 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ በ1፡96 ደግሞ 18። ትንሿ ቦታ አትይዝም፣ ግን ቋጠሮዋ ዓይንና ጣት ይፈትናል። አንድ ወይም ሁለት ምሰሶ ያላትን በ1፡48 ወይም 1፡50 ያዙ። በ1805 እ.ኤ.አ. በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ 104 መድፍ ይዛ የተዋጋችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቪክቶሪን ለመጀመሪያ አትግዙ፤ እያንዳንዱ መድፍ አፈሙዝ፣ መንኰራኩርና ገመድ አለው፣ ያንኑ ሥራ መቶ ጊዜ መደጋገም ማለት ነው።

ኮላ፣ ቀለምና መሣሪያ ብዙ ጊዜ በኪቱ ዋጋ ውስጥ የለም። መቆንጠጫ ከልብስ መቆንጠጫ ይሠራል፤ ፀጉር የሚያወጣ የጥጥ ገመድም በሰም ቢሳብ ይለሰልሳል። ከውጭ በዘመድ የምታስመጡ ከሆነ የመቁረጫ ምላጮች በእጅ ሻንጣ አያልፉም፣ በሚጫነው ይግቡ። ሳጥኑ እንደደረሰ የጀርባ አጥንቱን መስተዋት ላይ አስተኙት። ከሥሩ ብርሃን ከታየ ጎብጧልና ሳይለጠፍ በፊት ከክብደት በታች ይቆይ። በሌዘር የተቆረጠው ጠርዝ ጠቁሮ ስለሚመጣና ኮላ በጥቁሩ ላይ ስለማይይዝ፣ በ220 ብርጭቆ ወረቀት አጽዱት።