ዛምፕ፦ ስክሪፕትን በዌብ ሰርቨር ላይ ማስኬድ ለሚጀምር ሰው ምን ያህል ይበቃል?

በራስ ኮምፒውተር ላይ ዌብ ሰርቨር (ገጾችን ለብሮውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም) አቋቁሞ ስክሪፕት ማስኬድ ለሚጀምር ሰው የሚከብደው ኮዱ ሳይሆን ከኮዱ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። ዌብ ሰርቨሩን አፓቼን፣ የስክሪፕት ቋንቋውን ፒኤችፒንና ዳታቤዙን ለየብቻ አውርዶ እርስ በርስ ማገናኘት የማዋቀሪያ ፋይሎችን መረዳት ስለሚጠይቅ፣ አንድ መስመር ሳይጽፉ የሚሰላቹ ብዙዎች ናቸው። ዛምፕ አፓቼን፣ ማሪያዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ፣ ፒኤችፒንና ፐርል የተባለውን ሌላ የስክሪፕት ቋንቋ በአንድ ጊዜ የሚጭን፣ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ የሚሠራ ነፃ ጥቅል ነው።

ስለ አጫጫኑ ብዙ የሚባል ነገር የለም። በዊንዶውስ ላይ የዛምፕን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከፍቶ ከአፓቼ ጎን ያለውን የማስጀመሪያ ቁልፍ መጫን ይበቃል። አልነሳም ካለ ብዙውን ጊዜ ፖርት 80ን (ሰርቨሩ ጥያቄ የሚቀበልበትን የመግቢያ ቁጥር) ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ይዞታል፤ በአፓቼ ማዋቀሪያ ፋይል ቁጥሩን ወደ 8080 መቀየርና በአድራሻው ላይ ከሎካልሆስት (የራስን ኮምፒውተር ከሚወክለው ስም) ቀጥሎ መጨመር ነው።

የጥቅሉ ዋጋ በደንብ የሚታየው በአንድ ቀላል ሙከራ ነው። የዕለቱን ቀን የሚያሳይ አንድ መስመር የፒኤችፒ ኮድ ጽፈው ኤችቲዶክስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ፋይሉን በቀጥታ ወደ ብሮውዘር ጎትተው ቢከፍቱት ኮዱን የሚያስኬድለት ስለሌለ ቀኑን አያገኙም። ይኸው ፋይል በሎካልሆስት አድራሻ ሲጠራ ግን አፓቼ ለፒኤችፒ ያቀብለዋል፣ ፒኤችፒ ያስኬደዋል፣ ብሮውዘሩ ዘንድ የሚደርሰውም ውጤቱ ብቻ ስለሆነ የገጹን ምንጭ ገልጠው ቢመለከቱ እንኳ ከኮዱ አንዲት ፊደል አይታይም።

ቅር የሚያሰኘው ይህ ሁሉ በጓዳ ማለቁ ነው፤ ሰርቨሩና ስክሪፕቱ በምን እንደሚግባቡ ሳያውቁ ወራት ማሳለፍ ይቻላል። ስለዚህ በሲጂአይ፣ ማለትም ሰርቨሩ ስክሪፕትን እንደ ተራ ፕሮግራም አስነስቶ ውጤቱን በሚቀበልበት ስልት፣ የሚሠሩ ስክሪፕቶች የሚቀመጡበት ሲጂአይ ቢን የተባለው የጥቅሉ ፎልደር ችላ መባል የለበትም እላለሁ። እዚያ የሚቀመጥ የፐርል ስክሪፕት በመጀመሪያ መስመሩ ፐርል የሚገኝበትን ቦታ መጥቀስ፣ ከማንኛውም ውጤት አስቀድሞ የይዘቱን ዓይነት ማስታወቅ፣ ቀጥሎም አንድ ባዶ መስመር መላክ አለበት፤ በሊኑክስና በማክ ደግሞ ፋይሉ የመሮጥ ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። ባዶዋ መስመር ከተረሳች ብሮውዘሩ ስህተት 500 ብሎ ዝም ይላል፤ የአፓቼ የስህተት መዝገብ ግን የስክሪፕቱ ሄደር (ከውጤቱ በፊት የሚላከው ማስታወቂያ) የተበላሸ መሆኑን በግልጽ ይጽፋል። መዝገቡን ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው በአንድ ቁልፍ መክፈት መቻሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከዛምፕ ምርጥ ነገሮች አንዱ ነው። ሲጂአይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ ፕሮግራም) ስለሚያስነሳ ዛሬ ለከባድ ሥራ አይመረጥም፤ የአሠራሩን ሥር ለማየት ግን ከእሱ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ዛምፕን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰርቨር ላይ መጠቀም አይገባም። የማሪያዲቢው ዋና ተጠቃሚ ያለ የይለፍ ቃል ነው የሚመጣው፤ አዘጋጆቹም ጥቅሉ ለግንባታና ለሙከራ ብቻ መሆኑን ያሳስባሉ።

ፒኤችፒን ብቻ ለሚፈልግና ዳታቤዝ ለማያስፈልገው ሰው ይህ ሁሉ ጭነት ሊበዛበት ይችላል። ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው 5.4 ጀምሮ በአንድ ትእዛዝ የሚነሳ የራሱ የመሞከሪያ ሰርቨር አለው፤ ነገር ግን የፐርሉን ሙከራ በእሱ ላይ መሥራት ስለማይቻል ለፍጹም ጀማሪ ዛምፕን አስቀድማለሁ።