ካሬ ደብተር፣ ኤክሴል ወይስ የንድፍ ፕሮግራም? የራሱን የሹራብ ንድፍ ለሚጽፍ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ድሬዳዋ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ ስል የሚገረሙ ሰዎች አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር በዛፍ ጥላ ሥር እንኳን ቀትር ላይ የሹራብ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው አይታይም። ከተማችን ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያን አልፎ ሐረር የገባ ሰው ግን ወደ 1,900 ሜትር ተጠግቷል፤ ሲመሽ የሚደርበው ነገር ይፈልጋል። የእኔም ኮፍያዎችና የልጆች ሹራቦች የሚሸጡት ወደዚያው ነው።

ለረጅም ጊዜ የሠራሁት ከሌሎች እጅ የተማርኩትን ነበር። የራሴን ንድፍ መጻፍ ስጀምር ግን ምን መግዛት እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ሦስቱንም መንገዶች ሞክሬያለሁ፦ ባለ ካሬ ደብተር፣ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ (ኤክሴል)፣ ለሹራብ ንድፍ ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች። ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች “የቱ ይሻላል?” ሲሉኝ እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ ንድፉን አንብቦ የሚሠራው ማን ነው? አንቺ ራስሽ ብቻ ከሆንሽ አንድ መልስ አለ። ያው ልብስ በአምስት ልክ የሚሠራ ከሆነ ሌላ መልስ አለ። አይተሽው የማታውቂው ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያነበው ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ። ገንዘቡም መውጣት ያለበት በዚሁ መሠረት ነው።

አንድ ቃል ላስማማ። መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ዐይን “ቀለበት” እላታለሁ።

ባለ ካሬ ደብተር

ከየትኛውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል፤ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም ሥራው አይቆምም። አንዷን ካሬ አንድ ቀለበት አድርጎ መሳል ነው። ለኮፍያ፣ በተለይም ቅርጽ ላለው ኮፍያ፣ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም ብዬ አምናለሁ። አንድ አደጋ ግን አለው፤ እኔ የተማርኩት ሥራ አበላሽቼ ነው።

የመጀመሪያ ንድፌን የወሰድኩት ከሐረር የሣር ስፌት ነበር። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ግድግዳው ላይ ተደርድረው የተሰቀሉትን ስፌቶች፣ የላያቸውንም ማዕዘናማ ቅርጾች አይረሳም። ከእነርሱ አንዱን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ በጫፉ የቆመውን፣ በደብተሬ ላይ 13 ካሬ በ13 ካሬ አድርጌ ሣልኩት። ወረቀቱ ላይ አማረ። ኮፍያው ላይ ሲወጣ ግን ወርዱ 6.5 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 4.6 ሴንቲሜትር ብቻ ሆነ። ስፌት ለሚሰፉ አንዲት የሐረር እናት ሳሳያቸው በጣታቸው እየዳበሱት፣ “ልጄ፣ ቅርጹስ የእኛ ነው፤ ቁመቱ የት ሄደ?” አሉኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የደብተር ካሬ ጎኖቹ እኩል ናቸው፤ የሹራብ ቀለበት ግን ከቁመቷ ይልቅ ወርዷ ይበልጣል። በምጠቀምበት መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር 10 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ 20 ቀለበት፣ 10 ሴንቲሜትር ቁመት ላይ ደግሞ 28 ረድፍ ይወጣኛል። አንዷ ቀለበት 5 ሚሊሜትር ወርድና 3.6 ሚሊሜትር ገደማ ቁመት አላት ማለት ነው። ስለዚህ 6.5 ሴንቲሜትር ቁመት ለማግኘት 13 ሳይሆን 18 ረድፍ መሳል ነበረብኝ። ደብተር የሚገዛ ሰው ይህን ካወቀ ቅርጹን ወረቀቱ ላይ ሆን ብሎ ያስረዝመዋል፤ ሲሠራ ልኩ ላይ ያርፍለታል።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር ስለ አካፋይ ነው። የአዋቂ ራስ ዙሪያ 56 ሴንቲሜትር ቢሆን ኮፍያው ራስን እንዲይዝ አሥር በመቶ ያህል ይጠባል፤ 50 ሴንቲሜትር ይሆናል። በሴንቲሜትር ሁለት ቀለበት ሲሰላ 100 ይመጣል። በ100 ቀለበት ጀመርኩ። ሰባት ቅርጽ በ13 ሲባዛ 91 ነው፤ የቀሩት 9 ቀለበቶች ስምንተኛውን ቅርጽ መሙላት አልቻሉም፤ ከኋላ በኩል ተቆርጦ ቀረ። ቁጥሩን ወደ 104 ከፍ ሳደርገው ስምንት ሙሉ ቅርጽ ወጣ፤ ኮፍያውም 52 ሴንቲሜትር ሆኖ ራስ ላይ በደንብ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የአናቱ አሠራርም ቀለለልኝ። ስምንት ክፍል፣ በእያንዳንዱ 13 ቀለበት፣ በየሁለት ዙሩ ከየክፍሉ ሁለቱን ቀለበት በአንድ እየወሰዱ ስምንት ስምንት መቀነስ ነው። ከ12 የመቀነሻ ዙር በኋላ 8 ቀለበት ይቀራል፤ ክሩን በውስጣቸው አሳልፎ መሳብ። ስምንቱ መስመሮች አናቱ ላይ ሲገናኙ የስፌት እንብርት ይመስላሉ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ደብተር ነው፤ እያንዳንዷን ካሬ በእርሳስ ስለሞላሁ ቁጥሩ እጄ ውስጥ ገባ። ድክመቱ ልክ ሲቀየር ይታያል። ለሰባት ዓመት ልጅ ያንኑ ኮፍያ አሳንሼ ልሥራ ያለ ሰው ሁሉንም እንደገና ይስላል።

ኤክሴል

ለልብስ፣ ማለትም ደረት፣ እጅጌና አንገት ላለው ሥራ፣ ምርጫዬ ይህ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አላመነታም። ኤክሴል የሌለው ሰው በነፃ የሚወርደውን ሊብሬ ኦፊስ ወይም በስልክ የሚከፈተውን ጉግል ሺትስ መጠቀም ይችላል፤ ሥራቸው አንድ ነው። የስልክ ስክሪን ግን ይጠባል፤ ሠንጠረዡን ለማየት እንጂ ለመሥራት አልመክረውም።

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በምትባለው መንገድ ያለፈ ሰው ስሟን ያገኘችበትን የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። እዚያ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጨርቁ ተሠርቶ ይመጣላቸዋል፤ ለክተው ይቆርጣሉ፤ ሰፊ ቢሆን ያጠብቡታል። በሹራብ ግን ጨርቁና ልኩ አንድ ላይ ነው የሚወለዱት። ደረቱ ላይ የተሳሳተ ቁጥር የሚታወቀው አንድ ሳምንት ከተሠራ በኋላ ነው፤ መፍትሔውም መተርተር ብቻ ነው። በሠንጠረዥ የተሠራ ስሌት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ ቁጥሩ ከክሩ ይቀድማል።

ለመነሻ የምጠቀመው ትውልዷ እንግሊዝ የሆነው የሹራብ ንድፍ አውጪ ኤልዛቤት ዚመርማን ያስተዋወቀችውን የመቶኛ ስሌት ነው። የደረቱ ቀለበት መቶ በመቶ ይባልና ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይሰላል፤ የእጅጌው አንጓ 20 በመቶ፣ የላይኛው ክንድ ከ33 እስከ 35 በመቶ፣ ብብት ሥር በእያንዳንዱ ጎን 8 በመቶ፣ አንገት 40 በመቶ። ደረቱ 100 ሴንቲሜትር ለሆነ ልብስ 200 ቀለበት እንጀምራለን። አንጓው 40፣ ክንዱ 70፣ ብብቱ 16፣ አንገቱ 80 ይሆናል። እጅጌው ከ40 ወደ 70 ለመድረስ 30 ቀለበት ይጨምራል፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ስለሚጨመር 15 ጊዜ ነው። ለመጨመሪያ 35 ሴንቲሜትር ቢኖረን 98 ዙር ነው፤ በየስድስተኛው ዙር ብንጨምር በ90 ዙር ያልቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ይህንን አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ የጻፈ ሰው የደረቱን ቁጥር ሲቀይር የቀረው ሁሉ በራሱ ይቀየርለታል። አምስት ልክ በአንድ ማታ ይዘጋጃል። በደብተር አምስት ማታ ይፈጃል።

ነገር ግን ሠንጠረዡ የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ በዚሁ ስሌት የሕፃን ሹራብ ሠራሁ፤ ደረቱ 60 ሴንቲሜትር፣ 120 ቀለበት። የአንገቱ 40 በመቶ 48 ቀለበት፣ ማለትም 24 ሴንቲሜትር ሆነ። የሕፃኑ ራስ ዙሪያ 50 ነበር። ሹራቡ አልገባለትም፤ እናቱ ስትሞክር ልጁ አለቀሰ፤ እኔም ብዙ አዘንኩ። ሕፃን ከደረቱ አንጻር ራሱ ትልቅ ነው። ስለዚህ ለልጆች በሠራሁት ሠንጠረዥ ውስጥ የራስ ዙሪያ የራሱ ረድፍ አለው፤ አንገቱ ከእርሱ ጋር ካልተስማማ ትከሻው ላይ በቁልፍ የሚከፈት ክፍት ይገባል። ኤክሴል የሚገዛም ሆነ የሚያወርድ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ አብሮ ይያዝ።

ለሥዕልም ቢሆን ኤክሴል ከደብተር የሚበልጥበት ነገር አለ። የእያንዳንዱን ዓምድ ወርድ 28 ፒክስል፣ የረድፉን ቁመት 20 ፒክስል ስናደርገው ካሬው የእኔን ቀለበት መልክ ይይዛል። ያን ባዶ ገጽ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ሠላሳ ቅጂ ማሳተም ነው፤ ከዚያ በእርሳስ እየሳሉ መሥራት። ቅርጹ አይጨፈለቅም። ኮምፒውተር የሌለው ሰው እንኳን ከአንድ ወዳጅ ይህን አንድ ገጽ ቢያገኝ የዓመት ሥራ ይሆነዋል። ዛሬ ኮፍያዎቼን ሁሉ የምነድፈው በዚህ ወረቀት ነው።

ለሹራብ የተሠሩ ፕሮግራሞች

ሁለቱን ላነጻጽር። ስቲች ፊድል በኢንተርኔት መቃኛ ላይ የሚሠራ ነው፤ ነፃውን ክፍል ተጠቅሞ ባለ ቀለም ንድፍ መሳል ይቻላል፣ ተጨማሪው በክፍያ ነው። የቀለበትን ወርድና ቁመት ማስተካከልም ይፈቅዳል። ቀለም ለማማረጥ፣ ደንበኛ “ቀዩን በአረንጓዴ ቀይረሽ አሳዪኝ” ሲል ወዲያው ለማሳየት እጅግ ደስ ይላል። ኔትወርክ ከሌለ ግን የለም።

ስቲችማስተሪ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ የሚገዛ ፕሮግራም ነው። የሹራብ ምልክቶችን ሁሉ ይዟል፤ ትልቁ ጥቅሙም የተሳለውን ንድፍ ራሱ ወደ ጽሑፍ መለወጡ ነው። ረድፍ በረድፍ የሚጽፍ ሰው ምን ያህል ስሕተት እንደሚሠራ ስለማውቅ ይህን አልንቀውም። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከድሬዳዋ ሆኖ ይህን መክፈል ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። የሚወጣው ጽሑፍም አማርኛ አይደለም፤ ለሐረር ሠራተኛ የሚሰጥ ንድፍ ከሆነ መልሶ በእጅ መጻፍ ግድ ነው። ይህ ገንዘብ የሚያዋጣው ንድፉን ለውጭ አንባቢ ለመሸጥ ላሰበ ሰው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በኢንተርኔት የሹራብ ሠሪዎች መገናኛ በሆነው በራቨልሪ ላይ። ያን ያላሰበ ሰው ለጊዜው ይቆየው።

አንድ ኮፍያ ብቻ ሠርቶ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አልመክርም። የተዘጋጀ ንድፍ ይውሰድ፤ በነፃ የሚሰጡ ብዙ ናቸው።

ለማያውቁት ሰው የሚጻፍ ንድፍ በየትኛውም መሣሪያ ይዘጋጅ፣ ከመሸጡ በፊት ሌላ ሰው ሊሠራው ይገባል። እኔ ለጎረቤቴ ወረቀቱን ሰጥቼ አጠገቧ ሳልቀመጥ እንድትሠራው አደርጋለሁ። “እዚህ ላይ ምን ማለትሽ ነው?” ብላ የመጣችበት መስመር ሁሉ እንደገና ይጻፋል።

ከሁሉም በፊት የሚገዙ ሁለት ነገሮች

ሜትርና ሚዛን። ከድሬዳዋው መጋላ ገበያ የምገዛው ክር ብዙ ጊዜ የመርፌ ልክ የተጻፈበት ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ናሙና መሥራት አይቀርም። 15 ሴንቲሜትር በ15 ሴንቲሜትር ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ መሃሉን መለካት። በ10 ሴንቲሜትር 20 ሳይሆን 21 ቀለበት ቢወጣ ትንሽ ይመስላል፤ በ200 ቀለበት ልብስ ላይ ግን ደረቱ ከ100 ወደ 95 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ይህን ስሕተት ደብተርም ኤክሴልም ውድ ፕሮግራምም አያርሙትም፤ የተሳሳተውን ቁጥር አሳምረው ይጽፉታል እንጂ።

ሚዛኑ ደግሞ ለክሩ ነው፤ ወጥ ቤት የሚሠራበት ትንሹ ሚዛን ይበቃል። ያ ናሙና 9 ግራም ቢመዝን ስፋቱ 225 ካሬ ሴንቲሜትር ስለሆነ ለአንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 0.04 ግራም ይደርሳል። ደረቱ 100፣ ቁመቱ 60 የሆነ ልብስ ገላው 6,000 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 45 ሴንቲሜትር ርዝመትና በአማካይ 28 ሴንቲሜትር ዙሪያ ያላቸው ሁለት እጅጌዎች 2,520 ይጨምራሉ። በጠቅላላው 341 ግራም ገደማ ይሆናል፤ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ሲታከልበት 375። ጥቅሉ 50 ግራም ከሆነ ሰባት ተኩል ማለት ነው። ክር በየማቅለሚያው ስለሚለያይ በኋላ ተመልሰው የሚገዙት ጥቁር እንኳን ከመጀመሪያው ጥቁር ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ስምንቱንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን ግዙ።