ያገለገለ ሲስኮ ወይስ አዲስ ማይክሮቲክ?

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ያገለገለ ሲስኮ ራውተር በርካሽ አገኘሁ፤ ለቢሮ ልግዛው?» መልሴ አትግዛው ነው። ምክንያቱን ከኪሴ ከፍዬ ተምሬዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ደብረ ብርሃን ላለ አንድ ክሊኒክ ሲስኮ 1841 በ7,500 ብር ገዛሁ። አዲስ ማይክሮቲክ ሄክስ (ማይክሮቲክ የሚባል ኩባንያ ትንሽ ራውተር) ያኔ 11,000 ብሎኝ ነበር ባለሱቁ። 3,500 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። ራውተሩ ግን የድሮ ባለቤቱን ፓስወርድ እንደያዘ ነው የመጣው። ያለ ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፑን በቀጥታ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ ልዩ ገመድ) አይገባም። ኬብሉን ከተማው ውስጥ አጣሁት፤ ከአዲስ አበባ በ900 ብር አስመጣሁ። ላፕቶፔ ይህ ገመድ የሚሰካበት የድሮው ሲሪያል ፖርት ስለሌለው የዩኤስቢ መቀየሪያ ጨመርኩ፤ 800 ብር። እሱ ደግሞ ፎርጅድ ሆኖ አረፈው! ውስጡ ያለው ቺፕ ፕሮሊፊክ የሚባለው ኩባንያ ቺፕ ቅጂ ነው፤ የዊንዶውስ ድራይቨሩ ፎርጅዱን ስለሚለይ አልሠራም አለ። ሌላ ኦርጅናል ለመግዛት 130 ኪሎ ሜትር ወረድኩ። መቀየሪያው 1,400፣ ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ 700። ደምሩት፤ 3,800 ብር ነው። ሁለት ማታ ፓስወርድ ስሰብር ያደርኩትን አልቆጠርኩም። በዚያ ላይ ሲስኮ ይህን ሞዴል መሸጥ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አዲስ የደህንነት አፕዴት አይመጣለትም።

ሄክስ ከገዛችሁ ግን አጀማመሩ ቀላል ነው፤ ከላፕቶፑ የሚመጣውን ተራ የኔትወርክ ኬብል 2ኛው ፖርት ላይ ሰኩት። 1ኛው የኢንተርኔት መግቢያ ነው፤ ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚከለክለው) በዚያ በኩል አያስገባችሁም። ዊንቦክስን (ማይክሮቲክን ከኮምፒውተር የምናስተዳድርበትን ፕሮግራም) ስትከፍቱ ራውተሩ ራሱ ይታያችኋል። አድራሻው 192.168.88.1 ነው፤ ብታበላሹት እንኳ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው መለያ ቁጥር) ትገባላችሁ። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። መጀመሪያ አፕዴት አድርጉ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ቴልኔትና ኤፍቲፒን (ያልተመሰጠሩ የድሮ መግቢያዎች ናቸው) ዝጉ። የዊንቦክስን 8291 ፖርት ወደ ውጭ እንዳትከፍቱ። እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያው ቀዳዳ ብዙ ራውተር ተጠልፏል። ከሩቅ መግባት ከፈለጋችሁ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (የተመሰጠረ መግቢያ) አለ።

መብራት ሲጠፋም RB750Gr3 የሚባለው የሄክስ ሞዴል ከ8 እስከ 30 ቮልት ስለሚቀበል በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል።

ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ ሆቴል ኔትወርክ የማስተዳድረው ከደብረ ብርሃን ሆኜ ነው። አንድ የተሳሳተ የፋየርዎል መስመር ራሴን ውጭ ቢያስቀረኝ የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ ሊኖርብኝ ነው፤ የመኪናው ብር፣ የቀኑ ሥራ። ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት የማይክሮቲኩን ሴፍ ሞድ አበራለሁ። ግንኙነቱ ከተቋረጠ የቀየርኩትን ራሱ ይመልሰዋል። ሲስኮም ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ጠፍቶ ሴቭ ወዳደረጋችሁት የድሮ ሴቲንግ እንዲነሳ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ሰው ግን ይረሳዋል።

ቴክኒሻን ለሌለው ትንሽ ሱቅ ቲፒ ሊንክ ኢአር605 የሚባለው ራውተር አይከፋም። ብሮውዘር ላይ 192.168.0.1 ብላችሁ ስትገቡ ስምና ፓስወርድ ራሳችሁ አውጡ ይላችኋል፤ አለቀ። ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት ግን አሁንም ሄክስ ነው የምለው።

ስትገዙ ካርቶኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍቱ። በአዲሶቹ ሄክሶች ፓስወርዱ ከታች ስቲከሩ ላይ ነው የተጻፈው። ሪሴት ብታደርጉትም የሚመለሰው ወደዚያው ፓስወርድ ነው። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ስቲከሩ ከተላጠ 3,000 ብር ቢቀንሱላችሁም ተዉት።